«ለ18 ወር ወለድ የለውም»፦ ዕዳን ከካርድ ወደ ካርድ ስለማዛወር የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ለተከበሩ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፤

በደብረ ብርሃን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ታናሽ እኅቴ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው ዓመት አባታችን ታመው አዲስ አበባ ሲታከሙ ወጪውን የሸፈነችው እሷ ናት፤ ከዚያም ደብረ ሲና የጀመርነው ቤት ጣራ ሳይለብስ ክረምት እንዳይመጣበት ብላ በድጋሚ ላከች። ይህን ሁሉ ከደመወዟ እየቆጠበች የምታደርገው መስሎን ነበር፤ ለካ በሁለት ክሬዲት ካርዶች ላይ 6,000 ዶላር ዕዳ ተጠራቅሞባታል፤ ወለዱም በዓመት 24 በመቶ ነው። አሁን ሌላ ባንክ በፖስታ ደብዳቤ ልኮላታል፤ ዕዳዋን ወደ እሱ አዲስ ካርድ ካዛወረች ለ18 ወር ወለድ እንደማይጠይቃት ይገልጻል። ከታች በደቃቅ ፊደል 5 በመቶ የማዛወሪያ ክፍያ እንዳለ ተጽፏል። እሷ በጣም ተደስታለች፤ «የድሮዎቹ ካርዶች ባዶ ስለሚሆኑ የቤቱን የበርና የመስኮት ገንዘብ ከእነሱ አውጥቼ እልካለሁ» አለችኝ። የቤተሰቡን ሒሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንሁ ምክር ጠይቃኛለች፤ እኔ ግን ክሬዲት ካርድ በእጄ ይዤ አላውቅም። ነገሩ ይጠቅማታል ወይስ ከድጡ ወደ ማጡ ነው?

ታላቅ ወንድም፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ጠያቂያችን፣ እኅትዎ ያሰበችው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሆነ ለየብቻ መታየት አለባቸው። ዕዳውን ወለድ ወደማይታሰብበት ካርድ ማዛወሩ በጥንቃቄ ከተሠራበት በእርግጥ ይጠቅማታል። ባዶ ከሚሆኑት ካርዶች ለበርና ለመስኮት ገንዘብ አውጥታ ልካችሁ እንደሆነ ግን የተገኘው ጥቅም በሙሉ ይጠፋል፤ ያለችበትም ዕዳ ይበልጥ ይከብዳታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ባንክ የእኅትዎን ዕዳ ለቀድሞዎቹ ባንኮች ይከፍልና የከፈለውን ያህል በራሱ መዝገብ በእሷ ስም ያሰፍራል። አበዳሪው ተለወጠ እንጂ ከዕዳው አንድ ዶላር አልተቀነሰም፤ እንዲያውም የማዛወሪያው ክፍያ ይጨመርበታል። ይህ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ከሚዛወረው ገንዘብ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲሆን፣ በእኅትዎ ደብዳቤ መሠረት 5 በመቶው 300 ዶላር ስለሚመጣ አዲሱ ካርድ ላይ የሚጻፍባት ዕዳ 6,300 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ይህን ለ18 ወር ሲያካፍሉት በወር 350 ዶላር ይደርሳል። ይህን ቁጥር ይያዙልኝ፤ ቀሪው ምክሬ ሁሉ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ዕዳዋን ሳታዛውር ይህንኑ 350 ዶላር በየወሩ ለድሮዎቹ ካርዶች ብትከፍል ምን ይሆናል? በዓመት 24 በመቶ ማለት በወር 2 በመቶ ገደማ በመሆኑ በመጀመሪያው ወር ከምትከፍለው ውስጥ 120 ዶላሩን ወለድ ይወስደዋል፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 230 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ዕዳው የሚያልቀው ከ21 ወር በኋላ ሲሆን፣ በጠቅላላው 1,400 ዶላር ያህል ወለድ ትከፍላለች። ዕዳውን አዛውራ በየወሩ ሳታቋርጥ ከከፈለች ግን ተጨማሪ ወጪዋ 300 ዶላር ብቻ ስለሚሆን ወደ 1,100 ዶላር ይተርፋታል። ይህ ለአንዲት በሰዓት እየተከፈላት ለምትሠራ ሴት ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ማታለያ ነው ብዬ አልነግርዎትም። ባንኩ ግን ለነፍሱ ብሎ አልላከውም። ክፍያውን መጀመሪያ ላይ ያገኛል፤ ከዚያም ብዙ ደንበኞች 18 ወሩ ሲያልቅ ዕዳቸውን ሳይጨርሱ እንደሚቀሩና ከዚያ በኋላ መደበኛውን ወለድ እንደሚከፍሉት ያውቃል።

እንዴት ሳይጨርሱ ይቀራሉ ቢሉ፣ ዋናው ምክንያት ባንኩ በየወሩ በሚልከው መግለጫ ላይ የሚጽፈው «ዝቅተኛ ክፍያ» ነው። ይህ ክፍያ ከቀሪው ዕዳ 1 በመቶ ብቻ ነው ብለን ብንወስድ፣ በመጀመሪያው ወር እኅትዎ የምትጠየቀው 63 ዶላር ይሆናል። ወለድ ስለሌለበት ቀሪው የሚያስፈራ አይመስልም፤ እሷም በደንቡ መሠረት ስለከፈለች ኃላፊነቷን የተወጣች ይመስላታል። ይሁን እንጂ እንዲህ እየከፈለች 18ኛው ወር ሲሞላ ከ5,200 ዶላር በላይ ዕዳ ይቀርባታል። ያን ጊዜ ወለዱ ወደ 24 በመቶ ከተመለሰ በወር ከ100 ዶላር በላይ መቆጠር ይጀምራል፤ 300 ዶላሩንም የከፈለችው ለከንቱ ይሆናል። በ18 ወር ውስጥ ዕዳውን የሚጨርሰው 350 ዶላሩ ስለሆነ፣ ክፍያው በየወሩ ከባንክ ሒሳቧ በራሱ እንዲቆረጥ ታዝዝ። መጠኑንም ራሷ ትሙላ፤ የክፍያው ማዘዣ ገጽ በቅድሚያ የሚያቀርብላት ምርጫ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛውን ክፍያ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ከ1988 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሕግ የካርድ አቅራቢዎች ዋና ዋና ወለዶችንና ክፍያዎችን በአንድ ሠንጠረዥ ዘርዝረው ከማመልከቻው ጋር እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ሠንጠረዡም ሕጉን ባቀረቡት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል በቻርልስ ሹመር ስም ሲጠራ ይሰማል። እኅትዎ ይህን ሠንጠረዥ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትላክልዎትና አብራችሁ አንብቡት። መጀመሪያ የምታገኙት ለዕቃ መግዣ የሚታሰበውን ወለድ ነው፤ ቀጥሎ ለተዛወረ ዕዳ፣ ከዚያም በጥሬ ገንዘብ ለሚወጣ ብድር የሚታሰበው ወለድ በየራሱ ረድፍ ተጽፏል። ሦስቱ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ማንም አልነገራችሁም፤ «ዜሮ» የሚለው ቁጥር በአንደኛው ረድፍ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። «እስከ 18 ወር» የሚል ካለ ደግሞ «እስከ» የምትለዋን ቃል አትለፏት፤ ትክክለኛው ጊዜ የሚወሰነው ባንኩ የእኅትዎን የብድር ታሪክ ካየ በኋላ መሆኑን ልታመለክት ትችላለች። የማዛወሪያው ቀነ ገደብም እዚያው ወይም ከሥሩ ይገኛል፤ ብዙ ካርዶች ከተከፈቱ በ60 ወይም በ120 ቀን ውስጥ ለተዛወረ ዕዳ ብቻ ነው ዜሮውን የሚሰጡት።

የሚፈቀድላት መጠንም አስቀድሞ አይታወቅም። ደብዳቤው 6,000 ዶላሯን በሙሉ እንደሚወስድላት የሚናገር ቢመስልም የካርዱ ጣሪያ፣ ማለትም በካርዱ መበደር የምትችለው ከፍተኛ መጠን፣ የሚነገራት ካመለከተች በኋላ ነው። ጣሪያው 4,000 ዶላር ቢሆን የማዛወሪያው ክፍያም ከዚያው ጣሪያ ውስጥ ስለሚቆጠር፣ በትክክል ሊዛወርላት የሚችለው 3,800 ዶላር ገደማ ይሆናል። ወደ 2,200 የሚጠጋው ዕዳ በድሮው ካርድ ላይ በ24 በመቶ እየቆጠረ ይቀራል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ማመልከቷ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን በየወሩ የሚከፈለው ሒሳብ እንደገና መሠራት አለበት፤ ከአቅሟ የሚተርፈውም ገንዘብ በቅድሚያ ወለድ ወዳለበት ካርድ መሄድ አለበት። በአንድ ባንክ ውስጥ ካለ ካርድ ወደዚያው ባንክ ሌላ ካርድ ማዛወር በአብዛኛው ስለማይፈቀድ፣ አዲሱ ካርድ ከሁለቱ ከአንዳቸው ባንክ የመጣ እንዳይሆንም ታረጋግጥ። እያንዳንዱ ማመልከቻ በብድር ታሪኳ መዝገብ ላይ ምልክት ስለሚተው፣ አንዱ ቢከለክላት በዚያው ሳምንት ወደ ሦስትና አራት ባንክ መሮጥ አይጠቅማትም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመሸጋገሪያው ሳምንታት ነው። ማዛወሩ በአንድ ቀን አይፈጸምም፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መካከል የድሮው ካርድ የክፍያ ቀን ከደረሰ እኅትዎ «አዲሱ ባንክ ይከፍልልኛል» ብላ ዝም ካለች፣ የዘገየችው እሷ ስለሆነች ቅጣቱ በእሷ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የድሮው ካርድ ቀሪ ዕዳ ዜሮ መሆኑን በዓይኗ እስክታይ ድረስ መክፈሏን ትቀጥል። ዜሮ ከሆነም በኋላ በሚቀጥለው ወር አንድ ትንሽ ሒሳብ ልትመጣ ትችላለች፤ ወለድ በየቀኑ ስለሚታሰብ የመጨረሻው መግለጫ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ክፍያው እስከ ደረሰበት ቀን ያለው ወለድ ገና አልተጠየቀም። በ6,000 ዶላር ላይ 24 በመቶ ሲሰላ በቀን 4 ዶላር ያህል ስለሚሆን፣ አሥራ ሁለት ቀን ቢያልፍ 47 ዶላር ገደማ ይደርሳል። «ይህን ካርድ ዘግቼዋለሁ» ብላ ፖስታውን ሳትከፍት የጣለች ሴት ለዚህች ትንሽ ገንዘብ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ይጻፍባታል፤ የብድር ታሪኳም ይቆሽሻል።

አዲሱን ካርድ ለዕለት ግዢ መጠቀም ሌላው ወጥመድ ነው። ካርዱ ለተዛወረው ዕዳ ብቻ ዜሮ ከሆነና ለግዢ 22 በመቶ የሚታሰብበት ከሆነ፣ አስቤዛ በገዛችበት ቀን ወለዱ መቁጠር ሊጀምር ይችላል። ዕዳ የሌለበት ካርድ በወሩ መጨረሻ ሙሉው ከተከፈለ ግዢ ወለድ የለውም፤ እኅትዎ ግን 6,300 ዶላሩን በሙሉ ካልከፈለች በስተቀር ይህ የእፎይታ ጊዜ ብዙ ጊዜ ይቀርባታል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የካርድ ሕግ ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ከፍተኛ ወለድ ወዳለበት ዕዳ በቅድሚያ እንዲሄድ ስላደረገ ነገሩ ከቀድሞው ቀንሷል፤ ሆኖም ዝቅተኛው ክፍያ ራሱ ወለድ ወደሌለበት ዕዳ እንዲሄድ ባንኩ ሊያደርግ ይችላል። በእኔ አስተያየት መፍትሔው ቀላል ነው፤ አዲሱ ካርድ ከቦርሳዋ ወጥቶ በመሳቢያ ይቀመጥ፤ ለአስቤዛ ከባንክ ሒሳቧ በቀጥታ የሚቆርጠውን ካርድ ትጠቀም።

ይኸው የ2009 ሕግ ስለ መዘግየትም ይደነግጋል። የመግቢያው ዝቅተኛ ወለድ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ባንኩም ደንበኛዋ ከ60 ቀን በላይ ካልዘገየች በስተቀር በተዛወረው ዕዳ ላይ የገባውን የዜሮ ቃል ከጊዜው በፊት ሊያጥፍ አይችልም። ይህ ማለት አንድ ሳምንት መዘግየት ሁሉንም ነገር ያፈርሳል የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ግን ወዲያው ይመጣል፤ ወደፊት በሚደረጉ ግዢዎች ላይም የ45 ቀን ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ወለዱ ከፍ ሊል ይችላል። ስድሳ ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣው የቅጣት ወለድ በብዙ ካርዶች ላይ 29.99 በመቶ ስለሆነ፣ እኅትዎ ከሸሸችው ወለድ የባሰ ውስጥ ትገባለች።

በርና መስኮቱን በተመለከተ ግን በግልጽ ልናገር። የድሮዎቹ ካርዶች ባዶ ሲሆኑ በእጇ ላይ 6,000 ዶላር የመጣ ይመስላል። ያ ቦታ የተገኘው ግን ዕዳው ወደ ጎረቤት መዝገብ ስለተሻገረ ብቻ ነው፤ ከእዚያ 2,000 ዶላር ብታወጣ ጠቅላላ ዕዳዋ 8,300 ዶላር ይሆናል። ለላኪ ድርጅት በክሬዲት ካርድ መክፈል ደግሞ በብዙ ባንኮች ዘንድ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ስለሚቆጠር፣ የተለየ ክፍያ ይጠየቅበታል፤ ወለዱም ከግዢው ወለድ ከፍ ያለ ነው፤ የእፎይታ ጊዜም ስለሌለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። የአንዱን ዕቁብ ዕጣ አውጥቶ የሌላውን ዕቁብ መዋጮ የሚከፍል ሰው ዳኛው ደጃፍ ላይ የሚደርስበትን እርስዎ ያውቁታል፤ ልዩነቱ ዕቁብ ወለድ የማይቆጥር መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ የእኅትዎ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ዶላር እዚህ ሲመነዘር ብዙ ብር ስለሚሆን፣ የተላከው ገንዘብ ደብረ ሲና ሲደርስ ሰፋ ብሎ ይታያል። ዕዳው የሚከፈለው ግን በዶላር፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ከሚገኝ ደመወዝ ነው። ጣራው ከለበሰ የበሩና የመስኮቱ ቦታ ለጊዜው በቆርቆሮና በጣውላ ተሸፍኖ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሊቆይ ይችላል፤ የጣርማበርን ብርድና ጉም ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ምክር እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ሆኖም በቤቱ ውስጥ ገና ማንም ስለማይኖር ብርዱ የሚያገኘው ግድግዳውን ነው። ለእኅትዎ «ዕዳሽ እስኪያልቅ የቤቱ ሥራ ይቁም» የሚላት ከእርስዎ በቀር ሰው የለም፤ እሷ ራሷ ይህን ቃል ለአባቷ ለመናገር ታፍራለች።

በብድር ጉዳይ የሚጽፉ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የድሮውን ካርድ አትዝጉ ይላሉ፤ ምክንያታቸውም ያልተነካ የብድር ጣሪያ የብድር ታሪክ ነጥብን ከፍ ስለሚያደርግ ነው። ምክሩ በራሱ ትክክል ነው። ነገር ግን በየበዓሉና በየለቅሶው ስልክ ለሚደወልላት ሴት ባዶ ካርድ በቦርሳ መያዝ ከነጥቡ መቀነስ የበለጠ ጉዳት አለው ብዬ አምናለሁ። ከሁለቱ በዕድሜ የሚበልጠውን ትያዝ፤ ሌላውን፣ የመጨረሻዋ ወለድ መከፈሏን ካረጋገጠች በኋላ፣ ትዝጋው።

350 ዶላር በየወሩ ከአቅሟ በላይ ከሆነስ? በመጀመሪያ አሁን ላሉባት ባንኮች ደውላ የሕክምና ወጪ እንደገጠማት ትንገራቸው፤ ለችግር ጊዜ ወለድ የሚቀንስ ፕሮግራም ያላቸው ባንኮች አሉ፤ ይህን ግን ካልተጠየቁ አይናገሩም። ሁለተኛ፣ በፌዴራል ደረጃ የተቋቋሙ የቁጠባና ብድር ማኅበራት በካርድ ዕዳ ላይ ከ18 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይጠይቁ በሕግ የተገደቡ ስለሆነ፣ በሥራ ቦታዋ ወይም በአካባቢዋ አባል ልትሆንበት የምትችል ማኅበር ካለ ትጠይቅ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ የብድር አማካሪዎችም ከባንኮቹ ጋር ተነጋግረው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚዘልቅ የክፍያ ዕቅድ ያዘጋጃሉ። በስልክ ደውሎ «ዕዳሽን በግማሽ አስቀንስልሻለሁ፤ በቅድሚያ ይህን ያህል ክፈይኝ» የሚላት ካለ ግን ስልኩን ትዝጋ፤ ሥራውን ሳይፈጽም በቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ በስልክ ለሚሸጥ የዕዳ ማቃለያ አገልግሎት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የተከለከለ ነው።

ጥያቄ

በመሐል ሜዳ የምኖር እናት ነኝ፤ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ልጄ ቨርጂኒያ ነው ያለው፤ ሥራው ደህና ነው። አብሮት የሚኖር ጓደኛው የካርድ ዕዳ በዝቶበት ስለተጨነቀ፣ ልጄ አዲስ ካርድ አውጥቶ የጓደኛውን ዕዳ ወደ ራሱ ካርድ ሊያዞርለት ነው አሉ። ወለድ የለውም፤ ጓደኛው በየወሩ እየሰጠው እሱ ይከፍላል። እንደ ዋስ መሆን ነው ብሎኛል። ልጄ ባይከፍል ዕዳው ወደ እኛ ይመጣል? የመንዙን መሬትና ቤት ይይዙብኛል?

እናት፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ

እናታችን፣ ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ ሐሳብዎን ያሳርፋል። በካርድ የተወሰደ ብድር መያዣ የለውም፤ የሚጠየቀውም ውሉን የፈረመው ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ከልጅዎ ጋር በጋራ ካልፈረሙ በስተቀር የአሜሪካ ባንክ እርስዎን የሚጠይቅበት መብት የለውም፤ ቤትዎንም አይነካም። እግዚአብሔር አያድርገውና ባለዕዳው ቢሞት እንኳ ዕዳው የሚከፈለው እሱ ትቶት ከሄደው ንብረት ነው እንጂ ከወላጅ ኪስ አይደለም። አንድ ቀን ስልክ ተደውሎ «የልጅዎን ዕዳ ካልከፈሉ» የሚል ድምፅ ቢሰሙ አጭበርባሪ ነው ብለው ይዝጉት። በአሜሪካ ከ1977 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅቶች የአንድን ጎልማሳ ዕዳ ለዘመድና ለጎረቤት እንዳይናገሩ ይከለክላል።

ልጅዎ «እንደ ዋስ ነኝ» ያለው ግን ልክ አይደለም፤ ይህን በጥብቅ ይንገሩት። ዋስ የሚጠየቀው ዋናው ባለዕዳ ሳይከፍል ሲቀር ነው። ዕዳው ወደ ልጅዎ ካርድ ከተዛወረ ግን የጓደኛው ዕዳ በጓደኛው ባንክ ዘንድ ተከፍሎ አልቋል፤ በአዲሱ ባንክ መዝገብ ላይ ያለው ባለዕዳ ልጅዎ ብቻ ነው። ጓደኛው ሥራ ቢያጣ፣ ከተማ ቢቀይር፣ ወይም ቢጣሉ፣ ባንኩ የጓደኛውን ስም እንኳ አያውቀውም። የማዛወሪያው ክፍያም በልጅዎ ላይ ይጻፋል፤ የልጅዎ የካርድ ጣሪያ በሰው ዕዳ ስለሚሞላ፣ ነገ መኪና ወይም ቤት በብድር ልግዛ ቢል አበዳሪው እንደ ራሱ ዕዳ ይቆጥርበታል። ጓደኛውን መርዳት ከፈለገ የሚችለውን ያህል ገንዘብ በእጁ ይስጠው፤ ቢያንስ የሚያጣውን መጠን ከመጀመሪያው ያውቀዋል። አይ፣ ቃል ገብቻለሁ ካለም በመካከላቸው የተጻፈና በምስክር ፊት የተፈረመ ውል ይኑር፤ ጓደኛውም ገንዘቡን ልጅዎ ለባንኩ ከሚከፍልበት ቀን አስቀድሞ ይስጠው።

ጥያቄ

በሸዋ ሮቢት ሽንኩርት እነግዳለሁ። ከቴሌብር የወሰድሁት ብድር መክፈያ ቀኑ ሲደርስ ከሌላ ባንክ በስልክ ብድር ወስጄ እከፍለዋለሁ፤ የዚያ ቀን ሲደርስ ደግሞ ከቴሌብር። ውጭ አገር ካርድ በካርድ የሚያዛውሩት ይህንኑ አይደለም? ምን ችግር አለው?

ነጋዴ፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ

አካሄዱ ይመሳሰላል፤ ሒሳቡ ግን ለእርስዎ የባሰ ነው። ከላይ የተጠቀሰችው እኅት አንድ ጊዜ 5 በመቶ ከፍላ 18 ወር ታገኛለች። እርስዎ በተፈራረቁ ቁጥር አዲስ ክፍያ ይከፍላሉ፤ ያገኙትም ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው። ለምሳሌ ለ30 ቀን 10,000 ብር ወስደው በአገልግሎት ክፍያም በወለድም 500 ብር ተጨማሪ የሚከፍሉ ቢሆን፣ በወር 5 በመቶ ማለት ነው፤ ይህን ዓመቱን ሙሉ ቢያፈራርቁት 6,000 ብር ከፍለው ዋናው 10,000 ብር እንዳለ ይቀራል። ቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰጥ ለአጭር ጊዜ ችግር መወጫ እንጂ ለቋሚ የንግድ መነሻ አላዘጋጃቸውም፤ የሌሎቹም እንዲሁ ነው። የየብድሩን ትክክለኛ ክፍያ በውሉ ላይ አይተው በዚህ ዓይነት ያስሉት።

ሽንኩርት ገዝተው እስኪሸጡ የሚወስድብዎት ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ብድሩ ከዚያ ጊዜ ካነሰ የመክፈያው ቀን ሁልጊዜ ሽያጩን ይቀድማል፤ ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሁለቱን ማፈራረቁን ትተው ከሁለቱ ትንሹን ብድር በመጀመሪያው ደህና ሽያጭ ጨርሰው ይክፈሉትና እንደገና አይውሰዱት፤ ቀሪውን አንዱን ለመዝጋት ደግሞ በአካባቢዎ ካለ የቁጠባና ብድር ተቋም የመክፈያ ጊዜው ከምርት ወቅቱ ጋር የሚሄድ ብድር ይጠይቁ። ሲጠይቁ ያለብዎትን የስልክ ብድር አይደብቁ፤ ባንኮች የተበዳሪን ታሪክ ከብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ማየት ስለሚችሉ ኋላ መታወቁ አይቀርም፤ የመክፈያ ቀን ያለፈበት ብድር ካለዎትም ከማመልከትዎ በፊት ይዝጉት።